የጋራው ጉድጓድ

«ይህ እህል የማን ነው?»

የተጠየቀችው አሰበች የምትባል ሴት ነበረች። «የኔ ነው» ብትል ይወረስና ልጆቿ ክረምቱን ጦማቸውን ሊያድሩ ነው። «የሁላችንም ነው» ብትል ጎረቤቱ ሁሉ ከሽፍታ ጋር አብሮ በላ ሊባል ነው። ባሏ ጣሊያን ሽፍታ ከሚላቸው አርበኞች ጋር ጫካ ከገባ ከርሟል።

ጠያቂው ለጣሊያን ያደረ የባንዳ አለቃ ነበር። የመጣበት ቀን ክፉ ሆነ። ለመተማ ቅርብ ከሆነችው ከኮኪት በታች ያሉት ሰዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የክረምት ማሽላቸውን በአንድ ጉድጓድ ያኖራሉ፤ በየቤቱ ቢቀመጥ የተዘረፈው ብቻውን ይራባል ብለው። ጉድጓዱ ሲከፈት የታመቀው አየር ሰው ይገድላልና፣ ማንም ሳይወርድበት አፉ ተገልጦ መዋል አለበት። ተገልጦ እንደዋለ አለቃውና ሰዎቹ ደረሱበት።

አለቃው የተፈቀደለት የሽፍታ ንብረት ብቻ ነው፤ ግብር የሚከፍለውን ገበሬ እንዳይነካ ታዝዟል።

«የሽፍታውን ድርሻ ለዩልኝ» አለ።

«ማሽላ ማተብ አያስር፣ በምን እንለየው?» አሉ ሽማግሌው የጨው ነጋዴ፣ ሼህ ኸሊፋ። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት።

አለቃው አልሳቀም። «እንግዲያው ሁላችሁም የየራሳችሁን አውጡ። የሚተርፈው የሱ ነው፤ እሱን እኔ እጭናለሁ። ይቺ ሴትዮ እንዳትነካ!»

ያረጋል የሚባለው ገበሬ ወርዶ በቁና እየሞላ ያቀብል ጀመር። ጎረቤቷ ሙሚና ድርሻዋን ወሰደች። ተመልሳ መጣችና ደገመች። ሼህ ኸሊፋም ጆንያቸውን ሞልተው ሌላ ዘረጉ። ማንም ወደ አሰበች አያይም። ማሽላው ጎደለ፤ የልጆቿ ቀለብ በዓይኗ ፊት እየተጋዘ ነው።

«ሙሚና፣ ኧረ በልጆቼ!»

«ዝም በይ፣ የሽፍታ ሚስት!» ብላ ጮኸችባት ሙሚና፤ ስታልፍ ግን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ያን ጊዜ ድርሻዋን እያሸሹላት መሆኑ ገባት። ከዚያ ወዲያ የፈራችው ማሽላው እንዳያልቅ ሳይሆን፣ ሳያልቅ አለቃው እንዳይነቃ ሆነ። አንገቷን ደፍታ እንደሚያለቅስ ሰው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ገለባ ብቻ ነው የቀረው!» አለ ያረጋል ከታች።

አለቃው ጎንበስ ብሎ አየ። «የሽፍታውስ?»

«ጫካ ተቀምጦ የት አርሶ፣ ጌታው?» አሉ ሼህ ኸሊፋ።

አለቃው በጠመንጃው ሰደፍ ትከሻቸውን መታቸው። አስሮም ወደ መተማ ነዳቸው፤ እህሉን ሊጭንባቸው ያመጣቸው በቅሎዎች ግን ባዶአቸውን ከኋላ ተከተሉ።

በሳምንቱ ሙሚናና ሌሎቹ የአሰበችን ድርሻ ከየቤታቸው አውጥተው ወደ ጉድጓዱ መለሱ። ያረጋል ግን የደረሰውን የሷን ማሽላ አልመለሰም፤ የያዘውን ጭኖ ከነቤተሰቡ ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻገረ። ሼህ ኸሊፋ ከመተማ አልተመለሱም። ሙሚና እዚያው መንደሩ ቀረች። አሰበችም ከልጆቿ ጋር ቀረች።