ጠግበው የሚገቡ ጉንዳኖች

ስኳር በሚሠራበት ቤት «ጉንዳን ገባ» ብሎ መጮህ፣ በዓሣ አጥማጅ ቤት «እርጥበት አለ» ብሎ እንደመጮህ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እኛ መንደር ወንዱ ጠዋትና ማታ ኮኮናት ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ከአበባው የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውሃ በቀርከሃ ቱቦ ያወርዳል፣ ሴቷ ደግሞ እሱን አፍልታ ቡናማ ስኳር ታወጣለች። ልጅ ጆሮው እንደተከፈተ ከሚሰማቸው አባባሎች አንዱ «ስኳር ባለበት ጉንዳን አለ» የሚለው ነው። አባባሉ እውነት ነው። ግን እውነት የሆነ ነገርም ሰውን ያሞኛል።

እኔ ዋሲቲ የዚህ መንደር ልጅ አይደለሁም። ያደግሁት ታች ቺላቻፕ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ባሕሩ አፍ ላይ ነው። ዳርኪምን አግብቼ ወደዚህ ኮረብታ ስወጣ ይዤ የመጣሁት ልብሴን፣ አንድ ቅርጫት የደረቀ ዓሣና አላርፍ የሚል ምላሴን ነበር። አማቴ እማማ ናርሴም ልብሱን አመሰገኑ፣ ዓሣውን ከቤት ውጭ አሰቀሉት፣ ምላሴን ደግሞ እንደ ምንም ቻሉት።

በዚህ አገር ሴት ባለቤት የምትባለው ማማሰያ ስትጨብጥ ነው። የኮኮናቱ ውሃ ትልቁ ብረት ድስት ላይ ተጥዶ፣ አረፋው እየተገፈፈ፣ እስኪወፍርና እስኪጠቁር ድረስ የምታማስለው የቤቱ ሴት ናት፤ ሌላው ሁሉ እንጨት አቀባይ ነው። እማማ ናርሴም ክንዳቸውን ስላመማቸው ማማሰያውን አልፎ አልፎ ለእኔ መልቀቅ ጀምረው ነበር። እኔም እንግድነቱ በቃኝ፣ ሰው ልሆን ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ጉንዳኖቹ የመጡት ያኔ ነው። ጥቃቅን፣ ቀያይ፣ በኩሽናው ወለል ላይ እንደ ክር ተዘርግተው የሚሄዱ። መጀመሪያ ማንም ከቁብ አልቆጠራቸውም። በኋላ ግን ስኳር የሚረከበን ነጋዴ እንደ ቂጣ ከጠጠረው ስኳር አንዱን ሰብሮ መሐሉ ላይ የደረቀ ጉንዳን አገኘ። ወደ ፀሐይ አንሥቶ ለእማማ ናርሴም አሳያቸውና ሁለተኛ እንዲህ ያለ ካገኘ ከነቅርጫቱ እንደሚመልሰው ነግሯቸው ሄደ። ያማሰልኩት እኔ ነበርኩ።

እማማ ናርሴም አልጮኹም። ማማሰያውን ከእጄ ወስደው ግድግዳው ላይ ሰቀሉትና፣ «ጉንዳኑ ከዚህ ቤት እስኪወጣ ድስቱ አጠገብ አትደርሺም። በዓሣ ቤት ያደገ ሰው ንጽሕና ከየት ያውቃል?» አሉኝ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። በሽቄ ልመልስ ስል አማቴ አባባ ሳንመርታ ከበሩ ላይ ቀደሙኝ። የአበባ መቁረጫ ቢላቸውን እየሳሉ፣ እሳቸው እንኳ ከተጋቡ ጀምሮ ስንት ጉንዳን በስኳር እንደዋጡ፣ አንዱም ሆዳቸው ውስጥ እንዳልነከሳቸው ተናገሩ። እማማ ናርሴም ሳይወዱ ሳቁ። አባባ እንዲህ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም፣ ሲናገሩ ግን ከደካማው ጎን ነው። በዚያ ሰሞን ከስተው ነበር፤ ከዛፍ ሲወርዱ አንድ ማሰሮ ውሃ ሳይተነፍሱ ይጨርሳሉ። ሙቀቱ ነው፣ ዕድሜው ነው እንላለን። ከውሃው በፊት ደግሞ ከቱቦው አንድ ኩባያ ጣፋጩን ይጠጣሉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቁርሳቸው እሱ ነው።

ማማሰያዬን ለማስመለስ ጉንዳን ማስወጣት ነበረብኝ። አመድ በተንኩ፣ በላዩ ሄዱበት። የፈላ ውሃ ደፋሁ፣ ለሞቱት ቀብር እንኳ ሳይወጡ በሌላ በኩል መጡ። ቱቦው ውስጥ ጣፋጩ እንዳይኮመጥጥ የምንጨምረውን ኖራ በየስንጥቁ ጠቀጠቅሁ። ዳርኪም ከገበያ ጉንዳን ያባርራል የተባለ ጠመኔ ገዝቶ ቤቱን ዙሪያውን አሰመረው፤ ጎረቤት ሁሉ ትምህርት ቤት መቼ ነው የሚከፈተው እያለ ሲያፌዝብን ሰነበተ። መርዝ እርጪ ያለኝም ነበር። ስኳር በሚፈላበት ቤት መርዝ የሚረጭ እብድ ነው።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ደክሞኝ አንድ ቀን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ዝም ብዬ አየኋቸው። እስከዚያ ድረስ ስገድላቸው እንጂ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

የሚገርመው ነገር ስኳሩን አይነኩም። የስኳሩ መደርደሪያ እግሮቹ ውሃ በሞላባቸው ሳህኖች ውስጥ ነው የሚቆሙት፤ ይኼ የአያት ዘዴ ነው። ግን ሊሻገሩ የሚሞክሩ እንኳ አልነበሩም። ነጋዴው ያገኘው አንዱ ጉንዳን ምናልባት ከጣሪያ የወደቀ ምስኪን ነበር። ሌሎቹ በመደርደሪያው ሥር በኩራት ያልፋሉ፣ በጠረኑ እንኳ አይደነግጡም። ታዲያ ስኳር አጠገብ እያለ ስኳር የማይፈልግ ጉንዳን ምን ሊሠራ መጣ?

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ከኩሽናው ወደ ውጭ የሚወጡት ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው። ከውጭ ወደ ኩሽናው የሚገቡት ግን ሆዳቸው ተነፍቶ እንደ ማር ጠብታ ብርሃን ያሳልፋል። ጠግበው ነበር የሚገቡት። እኛ ሁላችን ሊበሉ መጡ ስንል፣ እነሱ እቴ፣ በምድጃው ሙቀት ግድግዳው ሥር ቤት ሠርተው፣ በልተው ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ኖሯል። ስኳር ያለው ሰው ጉንዳን ሲያይ ወደ ስኳሬ ነው ብሎ ያስባል፤ ከስኳሬ ሌላ ስኳር ይኖራል ብሎ አያስብም።

ለማንም ሳልናገር መስመሩን ተከተልኩ። በኩሽናው ጀርባ፣ በሙዙ ሥር፣ በጉድጓዱ ጠርዝ አልፎ መታጠቢያውን ከከለለው የቀርከሃ አጥር ጥግ ላይ ያልቃል። እዚያ ምንም የለም። እርጥብ አፈር ብቻ ነው፣ ጉንዳኖቹ ግን አፋቸውን ደፍተው ይጠጣሉ። አፈሩን ቆፍሬ ጣልኩ፣ ቦታውን በውሃና በአመድ አጠብኩ። በማግስቱ ተመልሰዋል። ምን እንደሚያገኙ ማወቅ አለብኝ ብዬ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ከሙዙ ጀርባ ቆምኩ።

አባባ ሳንመርታ መጡ። ዛፍ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ሊያደርጉ ነው። ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ውሃ ሲደፋ ሰማሁና ዞርኩ፤ በቅል እየቀዱ ቦታውን ያጥባሉ፣ ደጋግመው። አጎንብሰው ወደ መሬት እያዩ፣ «እባካችሁ ሂዱልኝ» አሉ።

ባሕሩ አፍ ላይ አክስት ነበረችኝ። የእሷም ሽንት ጉንዳን ይሰበስብ ነበር፤ ሐኪም ጋ ሳትሄድ ሰፈሩ በሽታዋን በዚያ ነው ያወቀባት። ዳርኪምም የነገረኝ ነገር ነበር። የአባባ ታላቅ ወንድም በዚሁ በሽታ እግሩን አጥቶ፣ ይወጣባቸው ከነበሩት ዛፎች ሥር ቁጭ ብሎ እየተመለከተ ሞተ። አባባ ምን እንደሚፈሩ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር።

ስወጣ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸብኝ። አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ቢላቸውን ወገባቸው ላይ አስተካክለው ወደ ዛፎቹ ሄዱ። በሚቀጥለው ቀን የጉንዳኑ መስመር ቦታ ቀየረ፤ አጥሩን ትቶ ወደ ጓሮው ታች፣ እስከ ካሳቫው ድረስ ተዘረጋ። ከዚያም ወደ ግራ። ሽማግሌው በየማለዳው ይሸሻሉ፣ ጉንዳኖቹ በየማለዳው ያገኟቸዋል።

አሁን ምን ላድርግ? ምራት የአማቷን ሽንት እንዴት አድርጋ በአፏ ትጠራለች? ፊት ለፊት ስማቸውን እንኳ አልጠራም። ደግሞም የእሳቸው ምሥጢር ነው። ግን እሱን ካልተናገርኩ ማማሰያው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ፣ እኔም እንጨት አቀባይ እንደሆንኩ መኖሬ ነው። ከዚያም የባሰ ነገር አለ። አንድ ከሰዓት ሽማግሌው ዛፉ መሐል ላይ ግንዱን አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለአፍታ ቆመው አየኋቸው። እንደዚያ ሲሆን ሰው ይወድቃል። ልናገር ብዬ ተነሣሁ፣ ዝም ልበል ብዬ ተቀመጥኩ። ምላሴ ከተፈጠረ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

ነገሩ የፈነዳው ነጋዴው ይመጣል በተባለበት ረፋድ ነው። ድስቱ ተጥዷል፣ እማማ ናርሴም ያማስላሉ፣ እኔ እንጨት አቀብላለሁ። የጉንዳኑ ክር በእግራቸው መሐል አለፈ። ማማሰያውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስኳር ባለበት ጉንዳን አለ» አሉ። «መደርደሪያውን አይነኩትም፣ እኔም ዓይን አለኝ። ሌላ ቦታ የተደበቀ ስኳር አለ ማለት ነው። የት እየሸሸግሽ ነው የምትበይው?»

ሌባ መባሌ ነው። ደሜ ፈላ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አጥሩ ጥግ ይሂዱና ይዩ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። በሩ ላይ አባባ ሳንመርታ ቱቦዎቹን ከትከሻቸው እያወረዱ ነበር። እኔን አላዩኝም። የሚያዩት እግራቸውን ነው፤ በኖራና በዛፍ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ ባዶ እግራቸውን።

«አላውቅም፣ እማማ» አልኩ።

«አታውቂም?»

«አላውቅም።»

አባባ የመጨረሻውን ቱቦ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ልጅቷን ተያት፣ ናርሴም» አሉ። «ስኳሩ ያለው እኔ ላይ ነው።»

እማማ ናርሴም እንደለመዱት ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ፣ ዛሬ የመቀለጃ ቀን እንዳልሆነም ነገሯቸው።

«ቀልድ አይደለም። ስኳር አለብኝ። እንደ ወንድሜ። የምሸናበትን ቦታ በቀየርኩ ቁጥር ይከተሉኛል፤ ሄደሽ እዪ። ልጅቷ ካወቀች ሰንብታለች፣ ሰው ናትና አላዋረደችኝም።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። በእኛ ቤት ጉንዳን አወጣው። እማማ ናርሴም ጉንዳኖቹን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ከዚያ ምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ድስቱ ግን የሰው ሐዘን አይጠብቅም፤ አረፋው እየተነሣ እየተነሣ ከንፈሩ ላይ ደረሰ።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አሉኝ ማማሰያውን ከተቀመጡበት ሽቅብ ዘርግተው። «አማስዪ እንጂ፣ ሊገነፍል ነው።»

ተቀብዬ አማሰልኩ። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ። የዚያን ቀን ስኳር ትንሽ አርሮ ነበር፣ ነጋዴው ግን ምንም ሳይል ወሰደው።

ጤና ጣቢያ ያሉት ሰዎች ደማቸውን አይተው ኪኒን ሰጧቸው፣ የጠዋቷን ጣፋጭ ኩባያም ከለከሏቸው። ረጃጅሞቹን ዛፎች ዳርኪም ወሰደ። አባባ ከቤቱ አጠገብ ያሉትን አጫጭሮቹን አንለቅም አሉ፤ እማማ ናርሴም ሥር ቆመው እስኪወርዱ ይሳደባሉ። የባላቸውንም እግር ማታ ማታ ራሳቸው እያጠቡ፣ ጣት በጣት እየገለጡ ያያሉ። የጓሮው መስመር እየሳሳ ሄደ፣ አንድ ሰሞን ጨርሶ ጠፋ። ጉንዳኖቹ ለምግባቸው ሌላ ቦታ ያገኙ መሰለን።

ከጎረቤት ድግስ ማግስት ግን ሰልፉ ተመለሰ፣ ያውም ወፍሮ። እማማ ናርሴም ባላቸውን ጠርተው አጥሩ ጥግ አቆሟቸው። አባባ አንድ ቁራጭ የሩዝ ኬክ ብቻ እንደቀመሱ ማሉ።

«ይኼ ሁሉ ሰልፍ ለአንድ ቁራጭ አይወጣም» አሉ እማማ።

«ሦስት» አሉ አባባ።

ዳርኪም ነገሩን ከሥሩ ልንቀለው ብሎ ላምባ ይዞ መጣ። እናቱ ጠርሙሱን ከእጁ ነጠቁት።

«ማንም እንዳይነካቸው። በዚህ ቤት እውነቱን የሚነግሩኝ እነሱ ብቻ ናቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። «አንቺ እንኳ፣ ያ ሁሉ ምላስ እያለሽ፣ ዝም ብለሽኛል።»

ድስቱ ስለተጣደ ማማሰያውን ላነሣ ገባሁ።