ሐዲድ ማንሣት

የሰውን ቃል ቆርጦ የሚያደርስ፣ ከነጭራሹ ፈጥሮ ከሚያወራ ሐሰተኛ ይከፋል፤ ግማሽ እውነት ምስክር ሳይጠራ ይታመናልና። በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. አዳማ ውስጥ የሆነው ይህንኑ ያስረዳል።

«ድንኳኑስ?» አለች አንዲት ለቀስተኛ፣ ፀሐይ ላይ የተደረደሩትን አግዳሚዎች እያየች።

«እድሩ ለሌባ ድንኳን አይተክልም» አለቻት ጎረቤቷ በሹክሹክታ።

ወይዘሮ ዘመናይ ሰማች። ባሏ ሰንበታ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከአዳማ ተገንጥሎ ወደ ጥጥ እርሻው ይወርድ የነበረውን ቅርንጫፍ ሐዲድ ሃያ ሁለት ዓመት ሲጠግን ኖሯል። መስመሩ ተዘግቶ ሐዲዱ በከፊል በጠፋ ጊዜ፣ «በአፍህ አምነሃል» ተብሎ ስምንት ወር ታሰረ፤ ያመነበትን ወረቀት ግን ያሳየው አልነበረም። ሳንባውን ታሞ ወጣ፤ ወር ሳይሞላው ሞተ። አሁን ዘመናይ የምትሻው አንድ ነገር ነበር፦ ስሙ ከስርቆት ነጽቶ ድንኳኑ እንዲተከልለት።

ከቀትር በኋላ የእድሩ ዳኛ አቶ ሰብስቤ ገቡ። አብሯቸው የመጣው የዚያን መስመር ታሪክ እንዲያጠና አንድ መሥሪያ ቤት የመደበው ወልደአማኑኤል ነበር።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ» አለና ተቀመጠ።

የተቀመጠበት አግዳሚ ያው የዓምናው ነበር። ዓምና ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ላይ ተቀምጦ፣ ሰንበታ ስለ ጎርፉና ስለ ድልድዩ ሲያወጋው ጽፏል። በመጨረሻው ቀን ሰንበታ በአውራ ጣቱ ፈረመና፣ «ግልባጩን ወዲህ በል፤ የባቡር ሰው ያለ ግልባጭ አይፈርምም» ብሎ የካርቦኑን ቅጂ ተቀበለ። ዘመናይ ያን ጊዜ ፊደል አትለይም ነበር።

«ሰንበታ ሐዲድ ሰርቆ ቢሆን» አለ አብሮት የሠራው ሽማግሌው ጂብሪል፣ «ወላሂ እኔም አንድ ፉርጎ ወስጄ ቤት አደርገው ነበር።»

አቶ ሰብስቤ አልሳቁም። «ቀበሌ ስብሰባ ላይ ከዚህ ልጅ ጥናት የተነበበውን ሰምተናል፣ ጂብሪል። ‹ሐዲዱን በእጄ አንሥቻለሁ› ብሎ ፈርሟል።»

ዘመናይ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ያን ዕለት ጠዋት ልብሱን ለነዳያን ስትለይ ከሥራ ቆቡ ገበር ውስጥ ያገኘችውን ወረቀት ይዛ ወጣች። እሱ ታስሮ ሳለ በመሠረተ ትምህርት የለየቻቸውን ፊደላት በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦

«ክረምት... ጥቁር አፈር... ሐዲዱን ይውጠዋል። ሥሩ ጠጠር... እየጠቀጠቅን እናነሣዋለን። እንዲህ አድርጌ... መስመሩን ሙሉ... ሐዲዱን በእጄ አንሥቻለሁ።»

«እኛ ዘንድ ማንሣት እሱ ነው» አለ ጂብሪል። «የሰመጠውን ወደ ቦታው መመለስ። የጠፋው ሐዲድማ የዚህ ልጅ አለቃ መጋዘን ላይ ጣሪያ ተሸክሟል፤ አላፊ አግዳሚው ያየዋል።»

አቶ ሰብስቤ ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይህ የእጅ ጽሑፍ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ስለ ጠጠሩ የጻፍከውስ የት ሄደ?»

ወልደአማኑኤል ጫማውን ተመለከተ። «ጥናቱ መደምደሚያ ያስፈልገው ነበር» አለ። «ታዲያ የወሰደው አለቃዬ ነው ብዬ ልጻፍ ኖሯል?»

የያዘውን ንፍሮ አግዳሚው ላይ አኑሮ ወጣ።

አቶ ሰብስቤ ግልባጩን ለዐቃቤ ሕግ አቀረቡ። አለቃው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ እንጂ አልተነካም። ወልደአማኑኤል ግን ከሥራው ተባረረ፤ ሰነድ በማጉደል ተከሶ አራት ዓመት ተፈረደበት፤ ሰንበታ በታሰረበት እስር ቤትም ገባ።

ይህ ፍርድ ገና ሳይሰጥ፣ ለሰንበታ ተዝካር፣ በአርባው ቀን፣ እድሩ ድንኳኑን አመጣ። የመሐል ምሰሶው ዝናብ ባራሰው አፈር ሰምጦ ሸራው ረገበ። ወንዶቹ ገመድ ሊወጥሩ ሲጣደፉ ዘመናይ ከደጅ ጠጠር በነጠላዋ አፍሳ መጣች፤ ተንበርክካም ከምሰሶው ሥር በጡጫዋ እየጠቀጠቀች፣ ቀስ በቀስ አነሣችው።