ልምድህ ተቋርጧል

«ልምድህ ተቋርጧል» አለችኝ እትዬ ሱሀይር፣ የሥራ ውሉን በምቀጠቅጠው በርሜል ላይ ዘርግታ። «ሦስት ወር በጀማሪነት ትሠራለህ። ከዚያ እናያለን።»

እሷ ድሮ የምሠራበት የአስጎብኚ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናት። በኮሮናው ጊዜ ሁላችንንም በአንድ አጭር የስልክ መልዕክት ያሰናበተን ድርጅት ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ፈረንጅ ከመርካቶ ጭራሽ ጠፋ። ጓደኞቼ ግማሾቹ ዱባይ ገቡ፣ ግማሾቹ ታክሲ ያዙ። እኔ እዚሁ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ከቀጥቃጩ ጋሽ ጠይብ ዘንድ ገብቼ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ መሥራት ጀመርኩ። አሁን እንግዳው ሲመለስ የሚያዞረው ሰው ታጣ።

«ስምንት ዓመት አስጎብኝቻለሁ እኮ።»

«ያ ድሮ ነው፣ አበራ።»

በየቀኑ ስቀጠቅጥ በልቤ ሰው እንደማስጎበኝ አልነገርኳትም። ከራጉኤል እነሳለሁ፣ በቅመም ተራ አሳልፋቸዋለሁ፤ የልቤ እንግዶች ደግሞ ጥያቄያቸው አያልቅም።

ከጎኔ ቆርቆሮ የምትሸጠው ሙሉነሽ ግን አላስቻላትም። «ይሄ ጀማሪ ከሆነ እኔ ገና አልተወለድኩማ!»

«ጀማሪ ተብዬ አልፈርምም» አልኩ።

ይሄን ጊዜ ከወዲያ ማዶ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ሦስታችንም ሮጥን።

ቀኑ ዓርብ ነበር። እዚህ ነጋዴው ለጁምዓ ሲወጣ ሱቁን አይቆልፍም፤ ደጃፉ ላይ ዱላ አጋድሞ ይሄዳል። ጎረቤት ይጠብቃል፤ ዱላውን የሚያነሳ የለም። ድርጅቱ በቅርቡ የቀጠረው ቢኒ ግን የአሮጌ ዕቃ ነጋዴውን የጋሽ ባህረዲንን ዱላ አንስቶ ሱቃቸው ስድስት ፈረንጆች አስገብቷል። አንደኛዋ የድሮ ፋኖስ ከፍ አድርጋ ፎቶ ትነሳለች። ሰዉ በሩን ዘግቶ ቆሟል።

«ክፍት ነው እኮ!» ይላል ቢኒ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«ዱላው ታዲያ ምንድን ነው? ጌጥ ነው?» አለው አንድ ተሸካሚ።

ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጌ ገባሁ። ፋኖሱን ተቀብዬ ቦታው መለስኩ፣ ዱላው ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስረዳኋቸው፣ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ጋሽ ባህረዲን ከመስጊድ ሲደርሱ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በሌሉበት ደጅዎ ተደፍሯል። ይቅርታ ሊጠይቁዎት ቆመዋል» አልኳቸው። ስድስቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ቢኒም ጎንበስ አለ።

ሽማግሌው ዱላቸውን አንስተው ያዙ። ከዚያ፣ «በሉ አሁን ግቡ» አሉ። «ቅድም ሌባ ነበራችሁ፣ አሁን እንግዳ ናችሁ።»

ሰዉ ሳቀና ተበተነ።

እትዬ ሱሀይር ክንዴን ያዘችኝ። «ፈርምና ይዘሃቸው ቀጥል። ሌላውን በኋላ እናስተካክላለን።»

«አሁን ይስተካከል። ጀማሪ የሚለው ይሰረዝ፣ ዋና አስጎብኚ ይባል።»

«እኔስ?» አለ ቢኒ ቀስ ብሎ።

«የጀማሪውን ውል ለሱ ይስጡት። እኔ ይዤው እዞራለሁ።»

ወደ በርሜሌ ተመልሰን ለድርጅቱ ባለቤቶች ደወለች። እየሰማች ፊቷ ተለዋወጠ። «ሌላ ሰው ፈልጊ ይላሉ» አለችኝ። እኔን አየች፣ ቢኒን አየች፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ጮኸች፦ «ከየት ነው የምፈልገው? ሰዎቹን ያባረርነው እኛ አይደለንም እንዴ?»

ዘጋችው። እስክሪብቶ አውጥታ ቃሉን ሰረዘች፣ አዲሱን ጻፈች፣ ጎኑ ላይ ፈረመች። እኔም ፈረምኩ።

«በል እንሂድ።»

«ጋሽ ጠይብ ይሄን ምድጃ አደራ ብለውኝ ነው ለሰላት የወጡት። እስክጨርስ ይጠብቁኝ።»

«አሁን? ስድስት እንግዳ አቁመን?»

«እንግዶቹም ይምጡ። እንዴት እንደሚሠራ ይዩ።»

ሙሉነሽ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ገለበጠችላት። «ቁጭ በይ እንጂ፣ እመቤት።»

ተቀመጠች። መዶሻዬን አነሳሁና ጉብኝቱን ጀመርኩ።