ሰሀር የምትውልበት

ሀኒፋ አንድ ረፋድ ላይ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ካለችው ሱቋ ውስጥ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የደወለው መምህር ሕዝቅኤል ነው፤ የልጇ የሰሀር የክፍል ኃላፊና የእንግሊዝኛ አስተማሪ።

«ሰሀር ተሻላት ወይ ብዬ ነው» አላት።

«ምን ሆና?»

መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከቀረች አስራ ስምንት ቀኗ መሆኑን ነገራት። ጓደኛዋ ታማለች ብላው ነበር። መዝገብ ላይ ያለው የአባቷ ቁጥር አይሠራም፤ የሀኒፋን ያገኘው ገና ዛሬ ከሌላ ወላጅ ነው።

ሀኒፋ መቀሱን ጨርቁ ላይ ጥላ ወጣች። ዛሬ ጠዋት እንኳ ዩኒፎርሟን ተኩሳ፣ ምሳዋን ቋጥራ የሸኘቻት ራሷ ናት።

ላፍቶ፣ የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ስትደርስ እትዬ ፀሐይወርቅን ደረጃው ላይ አገኘቻቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዘው ይወርዳሉ። ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከተለዋወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ልጄን አይተዋታል?»

እትዬ ፀሐይወርቅ ሳፋውን አስቀመጡት። «ዛሬ አላየኋትም። ትናንት ግን አይቻታለሁ፤ ከትናንት በስቲያም። አደ ኦብሴ ጋ ነው የምትውለው፤ ወንዙ ዳር፣ ላሞቹ ጋ።»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«ግቢው በሙሉ ያውቃል፣ ሀኒፋ።»

ለምን አልነገራችሁኝም ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። መልሱን ታውቀዋለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰሀር ከልጆች ጋር ሆና የቆመ መኪና ላይ ድንጋይ ስትወረውር፣ እትዬ ፀሐይወርቅ ጆሮዋን ቆንጥጠው ቤቷ ድረስ አምጥተዋት ነበር። ባሏ ኢስማኢል ጥሏት ከሄደ ሳምንት አልሞላም፤ ሀኒፋ ንዴቷን የምታራግፍበት ሰው አጥታ ነበር። እዚሁ ደረጃ ላይ፣ ጎረቤቱ በሩን ከፍቶ እየሰማ፣ «መጀመሪያ ራስዎ ይውለዱና ያኔ ልጅ ይቅጡ» አለቻቸው። ሴትየዋ መውለድ እንዳልሆነላቸው እያወቀች። ከዚያ ወዲህ ሰሀር ብትወድቅም ብትነሳም የሚናገር ሰው ጠፋ። ሀኒፋ ግን ሰው ያከበራት መስሏት ነበር።

ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ ከግንባታ የተረፈች ቁራጭ መሬት አለች። ሰፈሩ እርሻ በነበረ ጊዜ የተወለዱት አሮጊቷ አደ ኦብሴ እዚያ ሦስት ላምና ጥቂት ጎመን ይዘው ቀርተዋል። ሰሀር የትምህርት ቤት ጫማዋን አውልቃ በረት ትጠርጋለች። ጥጃው የቀሚሷን ጫፍ ይዞ ሲጎትታት ከልቧ ትስቃለች። ሀኒፋ ልጇን እንዲህ ስትስቅ ያየቻት መቼ እንደሆነ ማስታወስ አቃታት።

ልጅቷ ቀና ስትል እናቷን አየች። መጥረጊያውን ጣለችና በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ሸፈነች። አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም። የለመደችውን ጠበቀች እንጂ።

ሀኒፋ በረቱ በር ላይ ደርቃ ቀረች። ልትመታት ነበር የመጣችው፤ መንገዱን ሙሉ እጇን ሲበላት ነበር።

አደ ኦብሴ ከጓሮ ብቅ አሉ። «ፈረቃዬ ከሰዓት ነው ብላኝ እኮ ነው» አሉ ደንግጠው። «እኔ መቼ ተማርኩና አውቃለሁ? ልጅ ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም።»

ሀኒፋ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለች። «ለምን ቀረሽ?»

ሰሀር እጇን ከራሷ ላይ ቀስ ብላ አወረደች። «እንግሊዝኛ አንብቢ ይለኛል። ስሳሳት ልጆቹ ይስቃሉ። መምህሩም ይስቃል።»

«ለኔ አትነግሪኝም ነበር?»

«ነግሬሽ ነበር። ሱቅ ውስጥ። ‹የአክስትሽ ልጅ አንደኛ ትወጣለች፣ አንቺ ሰነፍ ስለሆንሽ ነው› አልሽኝ። ከዚያ መታሽኝ።»

ሀኒፋ ቀኑን ልታስታውሰው ሞከረች፤ አልመጣላትም። የመታቻት ቀን ብዙ ነውና ያንን ከሌላው መለየት አልቻለችም።

በማግስቱ ልጇን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። መምህር ሕዝቅኤል ገና ወጣት ነው፤ የጠመኔ አቧራውን ከእጁ እያራገፈ፣ «ለጨዋታ ነው እኮ» አለ። «ክፍሉን ለማነቃቃት። ሰባ ተማሪ ነው ያለኝ።»

«እኔ አንድ ነው ያለኝ፤ እሱም አቅቶኛል» አለችው ሀኒፋ። «ብቻ አይሳቁባት።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ።

ያን ቀን ማታ የእትዬ ፀሐይወርቅን በር አንኳኳች። ይቅርታ ስትጠይቃቸው ግቢ አላሏትም፤ በሩን ይዘው ቆመው ሰሟት። «ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቃል ግን ከሆዴ ማውጣት አልቻልኩም። ለልጅቷ ስል ያየሁትን እነግርሻለሁ። ከዚያ በላይ አትጠብቂ።»

ሰሀር ትምህርቷን ቀጠለች። ሀኒፋ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ መታቻት፤ መታቻትና መኝታ ቤት ገብታ አለቀሰች። ልጅቷ ግን ያን ሁሉ ቀን ቀርታ ያመለጣትን ልትደርስበት አልቻለችም። ሰኔ ላይ ካርዷ ሲሰጥ አምስተኛ ክፍልን እንድትደግም ተጽፎበት ነበር።

ከትምህርት ቤቱ በር ወጥተው ታክሲ ሲጠብቁ ሰሀር መሬት መሬት እያየች፣ «ለአክስቴ ትነግሪያታለሽ?» አለቻት።

«አልነግራትም።»

ሰሀር ቀና ብላ የእናቷን ፊት መረመረች። ያመነቻት አትመስልም። ሚኒባሱ መጥቶ ረዳቱ «ላፍቶ፣ ላፍቶ» እያለ በሩን ሲከፍት፣ ልጅቷ ቀድማ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች።