ትክክል የሆነ ዓረፍተ ነገር

ለጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴም ተማሪዬ ናት፤ ስትሳሳት ከማንም አብልጬ የማዋርደው እሷን ነው።

«ድንጋይ ራስ!» አልኳት ያን ቀን በሰው ፊት። «ማስመሰልና ማታለል አንድ አይደሉም አላልኩም? አስመሳይ ማንም ባያምነውም አስመሳይ ነው። አታለለ የሚባለው ግን ሌላው ሲያምነው ነው። ነይ፣ ሁለቱንም አስገብተሽ ጻፊ!»

ጠመኔውን ተቀብላኝ ሳትቸኩል በእንግሊዝኛ ጻፈች፦ «ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱን የሚጠይቅ ያስመስላል፤ አንድም ቀን ግን አላታለለኝም።»

የማርመው ፍለጋ ዓይኔን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንከራተትኩ፤ ነጥቡ እንኳ ቦታው ላይ ነው።

«መምህር፣ ስህተት አገኙበት?» አለች። ቤት አንተ የምትለኝ ሴት በሰው ፊት አንቱ አለችኝ።

«የለውም።»

«እንግዲያው ደንቡ ይፈጸማ!»

ደንቡን በገዛ እጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ ትክክል የሆነን ዓረፍተ ነገር ክፍሉ በሙሉ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ሠላሳ ሰው በአንድ ድምፅ ደገመው። ከፊት ወንበር ሆና የምትማረው የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ የምውለው ሴት፣ አንገቷን ደፍታ «ባሌ…» እያለች አብራ ትደግም ነበር።