የሐምሌው ፋይል

ሣህለ ማርያም የደወለው ሀብትነሽ ቢቸና ካለው የምርምር ጣቢያ ቢሮዋ ገብታ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ነበር። ሁለቱ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ባልደረቦች ናቸው። እሷ የጉድጓድ ውሃ ታጠናለች፣ እሱ የኮምፒውተር ሰው ነው። ጥናቷን የሚያሳትመው መጽሔት ስሌቱ የተሠራበትን ኮድ ጭምር ስለጠየቃት፣ እስቲ አንድ ጊዜ እየው ብላ ትናንት ልካለት ነበር።

«ሀብትነሽ፣ ውሃቸው ለሕፃናት የማይሆን ጉድጓዶች ስንት ናቸው ብለሽ ነው ሪፖርት ያደረግሽው?»

«ሁለት።»

«እኔ ጋ አሥራ አንድ ነው የሚያወጣው።»

ሳቀች። «የተሳሳተ ፋይል ከፍተህ ይሆናላ!»

«አንቺ የላክሽልኝን ነው። ‹የመጨረሻ ትክክለኛ› የሚለውን። በሐምሌ የጨመርሽበት አንድ መስመር አለ፤ የሞጣውን ቁጥር በአራት ነጥብ አራት የሚያበዛ።»

ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

ነገሩን ታውቀዋለች። ከማዳበሪያ ወደ ጉድጓድ የሚሰርገውን፣ የሕፃናትን ደም ኦክስጅን የሚያሳጣውን ናይትሬት ቢቸና ላይ የለካችበት መሣሪያና ሞጣ ላይ የለካችበት አንድ ዓይነት አልነበሩም። የሞጣው መሣሪያ በናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ስለሚቆጥር፣ ቁጥሩ ከቢቸናው ጋር እንዲተካከል ከአራት እጥፍ በላይ መባዛት ነበረበት። ይህን በሐምሌ ደርሳበት በራሷ ላፕቶፕ አስተካክላዋለች። በመስከረም ሪፖርቱን ያወጣችው ግን በቢሮው ኮምፒውተር ነው። እዚያ ያለው ፋይል ደግሞ በሰኔ በፍላሽ የገለበጠችው ነው። ስሙ «የመጨረሻ ሦስት»።

ሣህለ ማርያም አምና ለምኗት ነበር። «ኮድሽን አንድ ቦታ አስቀምጪው። የለወጥሽውን ሁሉ ከነቀኑ፣ ከነምክንያቱ የሚመዘግብ ፕሮግራም አለ፤ በግማሽ ቀን ላሳይሽ» ብሏት፣ «እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም፤ ጊዜም የለኝ» ብላ መልሳዋለች።

«የአሥራ አንዱን ዝርዝር አንብብልኝ» አለችው።

ማንበብ ጀመረ። ዘጠኙ አዲሶች ሁሉም የሞጣ ናቸው። «ሃያ ሦስት» ሲል ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። መሣሪያው አሥራ ዘጠኝ ያነበበበት ጉድጓድ ነው። ከሚፈቀደው ከሃምሳ በታች ነው ብላ «ለሕፃናት ይሆናል» በሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች። ተባዝቶ ሰማንያ አራት ነው።

የወንድሟ ሚስት ስርጉት ውሃ የምትቀዳው ከሃያ ሦስት ቁጥር ነው። የአምስት ሳምንት ልጅ ታቅፋለች። ጡቷ ቆስሎ ወተቱ ስለተቋረጠ ሕፃኑ የሚጠባው በውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ነው። «በዚህኛው ውሃ በጥብጪለት፣ እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ» ያለቻትም ሀብትነሽ ናት።

ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። የወንድሟም እንደዚያው። የወረዳው የውሃ ባለሙያ አቶ ፋንታ ስልካቸው ይጠራል፣ አያነሱም። ቁጥሮቹን በጽሑፍ ላከችላቸውና ወደ መናኸሪያ ሮጠች።

የሞጣው ሚኒባስ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ልጫን ብሎ ቆመ። ሀብትነሽ ወርዳ በሾፌሩ መስኮት ቆመች።

«ወንድሜ፣ በናትህ እንሂድ። ሕፃን ነው።»

«ታሟል?»

«አላውቅም» አለች። የሚያስፈራትም ይኸው አለማወቋ ነበር። ሾፌሩ ፊቷን አይቶ ሞተሩን አስነሳ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ይታጨዳል። እሷ አንዱንም አላየችም። ስርጉት ጠንቃቃ ናት፤ ውሃውን ደጋግማ ታፈላዋለች። ማፍላቱ ደግሞ ውሃውን አትንኖ ናይትሬቱን ያበዛዋል እንጂ አያጠፋውም። ይህን ባሰበች ቁጥር ወደ ስርጉት ደግማ ትደውላለች፤ ስልኩ እንደተዘጋ ነው።

ሞጣ ስትደርስ የስርጉት በር ተቆልፏል። ጎረቤቷ ወይዘሮ ይርጋነሽ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ።

«ልጁን ይዛ ሐኪም ቤት ሄዳለች፣ ልጄ። ከንፈሩ ጥቁር ሰማያዊ መሰለብን።»

እንዴት ባጃጅ ላይ እንደወጣች አታስታውስም። ሐኪም ቤት ስትደርስ ሕፃኑ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተደርጎለት ተኝቷል። ቆዳው አመድ መስሏል። ወጣቷ ሐኪም የሳንባውን ድምፅ እያዳመጠች ነበር።

«ዶክተር፣ ውሃው ነው» አለች ሀብትነሽ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ናይትሬት አለበት። ሰማንያ አራት። ከሃምሳ ማለፍ አልነበረበትም።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ዛሬ እርግጠኛ ነኝ።»

ደም ቀዱለት። በመርፌው የመጣው ደም ቀይ አይደለም፤ የቡና አተላ ይመስላል። ሐኪሟ ወዲያው መድኃኒት አዘዘች። ስርጉት ከአልጋው ራስጌ ዞር ብላ አየቻት።

«እትዬ፣ ለክቼዋለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

«ለክቼዋለሁ። አለካኬ ትክክል ነበር። ስሌቱን ያወጣሁት በአሮጌው ፋይል ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስርጉትዬ። የሌላ የማንም አይደለም።»

ስርጉት ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች። ሀብትነሽ ግድግዳውን ተደግፋ የሕፃኑን ከንፈር ብቻ ትመለከት ጀመር። ከሰዓት በኋላ፣ በጣም ቀስ እያለ፣ ቀለሙ ተመለሰ።

አቶ ፋንታ መልእክቷን ከስብሰባ ሲወጡ አነበቡት። በዚያው ቀን የዘጠኙን ጉድጓዶች ፓምፕ በየቦታው እየዞሩ በሰንሰለት አሰሩ። ሀብትነሽ አብራቸው ዞረች። በየጉድጓዱ ዳር ለተሰበሰበው ሰው «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብላ ተናገረች። ሕፃን ያላቸው ሁሉ ልጆቻቸውን አስመረመሩ። ከመካከላቸው ሁለት ልጆች ለክትትል ተኝተው ዳኑ። የስርጉት ልጅ በአራተኛው ቀን ወደ ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ ሀብትነሽ ሣህለ ማርያም ዘንድ ሄዳ ሳምንት ተቀመጠች። «የመጨረሻ» የሚሉትን ስድስት ፋይሎች አንድ አደረጓቸው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የተለካበት መሣሪያ ተጻፈ። የአምስት ጉድጓድ መልስ በእጃቸው አስልተው ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡ። ስሌቱ ከእነዚያ ከተለየ ፕሮግራሙ ሪፖርት ሳያወጣ ይቆማል። ሌላ ሰው ሳያየው የሚለወጥ መስመር እንዳይኖርም ተስማሙ። ሪፖርቱም ታርሞ ወጣ።

ስርጉት የደወለችው ከወር በኋላ ነው። ሰላምታዋ አጭር ነበር።

«ሠላሳ አንድ ቁጥር ጉድጓድ ደህና ነው ብለዋል አቶ ፋንታ። እውነት ነው?»

«ኮዱን ሁለት ሰው አይቶታል» አለች ሀብትነሽ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ደህና ነው የሚለው ቃል አልወጣላትም።

«ነገ መጥቼ ደግሜ እለካዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «እስከዚያ አትቅጂ።»

«እሺ» አለች ስርጉት። «ስትለኪ እኔም ቆሜ አያለሁ።»