ሦስተኛ ወገን

አድማሴ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጦ፣ በአራተኛው የከባድ መኪና ጡሩምባ ልቡን ወስዶት የኮበለለ ሰው ነው። መምህሩ እስከ ዛሬ «ያ ልጅ ቅኔውን በመሪ ለወጠው» እያሉ ያሙታል። እሱም አይከፋውም፤ ደሞዙን የሚከፍለው መሪው ነዋ።

ያን የታኅሣሥ ጠዋት ግን መሪውም ከዳው። ከቡሬ በርበሬ ጭኖ፣ ተሳቢውን እየጎተተ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲገሰግስ፣ መታጠፊያው ላይ አንዲት ባጃጅን ልቅደም አለ። ከፊቱ ሚኒባስ ብቅ ሲልበት ወደ ዳር ሸሸ። ዳሩ ደግሞ የእማማ ወለተ ሐና ቤት ነበር።

ግድግዳው ተደረመሰ። ሟች ባላቸው በእጃቸው የሠሩላቸው የደጅ መደብም ከጎማው ስር ገባ። እማማ ወለተ ሐና ጠዋት ጠዋት ጥጥ የሚፈትሉት እዚያ መደብ ላይ ነው። ያን ዕለትም ተቀምጠው ነበር፤ ዶሮ ስጡን ስትበትን አይተው «እሽ!» እያሉ ተነሡ እንጂ። እንዝርታቸው መደቡ ላይ ቀረች።

ከዚያ በርበሬው ቀጠለ። ጆንያው ተተርትሮ መንደሩን በሙሉ አስነጠሰው። ትራፊክ ፖሊሱ እንኳ ሜትሩን ዘርግቶ ሲለካ፣ ባስነጠሰ ቁጥር ቁጥሩ እየጠፋበት ሦስት ጊዜ ከሀ ጀመረ። በመጨረሻ ጥፋቱ የሾፌሩ እንደሆነ ጽፎ፣ የክሱን ወረቀት ሰጥቶት ሄደ።

አድማሴ ለመኪናው ባለቤት ደወለ። መሐመድአወል የቡሬ ነጋዴ ነው፤ መጀመሪያ የጠየቀው ግን ስለ በርበሬው አልነበረም።

«ሰው ተነካ?»

«አልተነካም ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ! በል አሁን ስማኝ። የመድኑ ሰው ከባሕር ዳር ይመጣል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አጥፍቻለሁ የምትል ቃል እንዳትወጣህ። ውሉ ላይ አለ፤ ሾፌር በአፉ ካመነ መድኑ አይከፍልም። የሴትዮዋ ቤት በምን ይሠራ? እኔም ሱቄን ዘጋሁ፣ አንተም ወደ ቆሎ ተማሪነትህ ተመለስክ ማለት ነው። ዝም አይነቅዝም!»

አድማሴ ዝም አለ። ግን ያ አገር ዝም የሚባልበት አገር አይደለም። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል፤ ሽማግሌ «ተነሥ» ይለዋል፤ ነገሩ ያልቃል። ሰዉ ያን እየጠበቀ ዙሪያውን ቆሟል። አንዱ ሽማግሌማ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጠው በእግራቸው ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። አድማሴ ድንጋዩን አይቶ አቀረቀረ። በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

የመድኑ ሠራተኛ አቶ ይሄይስ በቀትር ደረሰ። ከመስተዋቱ ላይ የመድኑን ተለጣፊ አየ፣ ፎቶ አነሣ፣ ቅጹን ዘረጋ።

«እማማ፣ በሕጉ መሠረት እርስዎ ሦስተኛ ወገን ነዎት።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ አንድም ወገን የለኝ፤ ሦስተኛው ከየት መጣ?»

ሰዉ ሳቀ። እማማ ወለተ ሐና አልሳቁም።

«ቤቱስ ይሠራል አላችሁ፤ እሰየው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይኸ ሰው ሊገድለኝ ነበር፤ ቁጭ ብዬ ብጠብቀው ኖሮ ዛሬ ለቀብሬ ነበር የምትሰበሰቡት። ጠዋት የመጣ እስካሁን ዓይኔን አላየም። እኔ ከዶሮዋ አንሼ ነው? እሷስ ‹እሽ› ስላት ዞር ብላ አይታኛለች።»

አድማሴ እንባው ዱብ ዱብ አለ። አቶ ይሄይስ እስክሪብቶውን አነሣ።

«እያለቀስክ ነው? ጥፋትህን ማመንህ ነው?»

«በርበሬው ነው» አለ አድማሴ።

ውሸት ነበር፤ በርበሬው ከቆመ ቆይቷል። አቶ ይሄይስ ግን «በርበሬ» ብሎ ጻፈና ቅጹን አጠፈ። «እኔ ጨርሻለሁ። መኪናውን ይዘህ መንገድህን መቀጠል ትችላለህ።»

«ሂድ እንግዲህ» አሉ እማማ ወለተ ሐና፣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ። «መንገደኛ ነህ። ምን ትሠራልኛለህ?»

አድማሴ አንድ እግሩን ወደ መኪናው አንሥቶ ቆመ። ሦስት ዓመት የተገረፈበት ቅኔ ያን ጊዜ መጣለት። ዞሮ እፊታቸው ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ መንገዱ ዛሬስ ከበደኝ። እግሬ ከደጅዎ አልነሣ አለኝ። እርስዎ ብቻ ይቅር ይበሉኝ።»

ድንጋዩን የገፉት ሽማግሌ «እህ!» አሉና ጢማቸውን ያዙ። አቶ ይሄይስ ቅጹን እንደገና ዘረጋ።

«ምን አለ? ምን ማለቱ ነው?»

እማማ ወለተ ሐና አድማሴን ትክ ብለው አዩት። አሁን ዓይኑ አልሸሸም።

«መንገዱ ከብዶት ነዋ! ለዛሬ መሄዱ ይቅር በሉኝ ነው ያለኝ» አሉ ለሠራተኛው። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ይቅር ልጄ። ይቅር ብያለሁ።»

አቶ ይሄይስ፣ «ሾፌሩ ጉዞውን ለማዘግየት ጠይቆ ተፈቅዶለታል» ብሎ ጻፈ። በደንብ አስፈረማቸውም።

በማግስቱ መሐመድአወል ሲደውል አድማሴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ለመደቡ ጭቃ ያቦካ ነበር። እማማ ወለተ ሐና አጠገቡ ቆመው ጭድ ይጨምሩለታል።

«ያልኩህን ቃል አልተናገርክም አይደል?»

«አልተናገርኩም ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ቀረህ?»

«ይቅር ብለውኝ።»